አባቴ የያዙት አሥራ ሁለት ምዕራፍ

አባቴ የአንድም የጀርመንኛ ቃል ትርጉም አያውቁም፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን የመማሪያ መጽሐፍ እስከ አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ድረስ በቃላቸው ይዘውታል። ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር የንባብና የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል። እኔም ትምህርት ላይ ስሆን የኔታ፣ ቤት ስገባ አባባ እላቸዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ውስጥ፣ የላይኛው አልጋ ላይ ተቀምጬ ነው። አንደኛ ዓመት ነኝ። አብረውኝ ከገቡት ልጆች በአንድ ዓመት እበልጣለሁ። ያን ዓመት የት እንዳሳለፍኩት የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያውቁትም ስሜን ትተው «ጀርመን» ይሉኛል። «ጀርመን፣ ውሃ መጥቷል፣ ተነሺ!» ይሉኛል ባልዲያቸውን እያንኳኩ። አብሬያቸው እስቃለሁ። ሰው ሲቀልድብኝ አለመሳቅ ገና አልለመድኩም።

ነገሩ የጀመረው ሆስፒታል ውስጥ ነው። እናቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተኝታ ነበር፤ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ክፍሉ ስምንት አልጋ ነበረው። ነርሶቹ ጠዋት ሲዞሩ ለየአልጋው የሚናገሩትን እሰማና፣ ከወጡ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሼ እነግራለሁ። ሦስተኛ አልጋ ላይ ያሉት እናት ኪኒናቸውን ከምግብ በፊት፣ አምስተኛዋ እስከ ማታ ውሃ እንዳትቀምስ፣ ስምንተኛዋ ነገ የቁስሏ ፋሻ ይቀየራል። በዚያ ሰሞን በበጎ ፈቃድ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት ጀርመናዊት ነርስ ነበሩ። ይህን ለብዙ ቀን ሲያዩ ከርመው አንድ ጠዋት በአስተርጓሚ «ይህ ሁሉ የት ነው የተጻፈው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የትም አልተጻፈም። ሰምቼው ነው» አልኩ።

እናቴ ከተኛችበት ሆና «የአባቷ ልጅ ናት። አንዴ የሰማችውን ቢገርፏትም አትረሳ» አለች። አስተርጓሚው ይህንንም ተረጎመላቸው። ሴትዮዋ እጄን ያዙና ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ።

አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ አንድ ባዶ ክፍል እንዳላቸው፣ ከተማዋ ውስጥ የቋንቋ ትምህርት ቤት እንዳለ ነገሩኝ። አንድ ዓመት እሳቸው ዘንድ ተቀምጬ ቋንቋውን እማራለሁ። ፈተናውን ካለፍኩ በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል የነርስ ሥልጠና እገባለሁ፤ ካላለፍኩ እመለሳለሁ። በዓመቱ ውስጥ መፈተን የምችለው ሁለት ጊዜ ነበር። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ነበር፤ ትቼው ለመሄድ ወሰንኩ።

ወረቀቴ እስኪያልቅ ወራት ፈጀ። ያ አስተርጓሚ የመጀመሪያውን የመማሪያ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሰጠኝ፤ ከመጽሐፉ ጋር የሚሄደውን ድምፅም በስልኬ ጫነልኝ። እንዴት አድርጌ እንደምማረው ግን አላውቅም ነበርና አባቴን አማከርኳቸው።

«መጽሐፍ አይደል?» አሉ።

«ነው።»

«እንግዲያው እንደሌላው መጽሐፍ ነዋ።»

ሌላው መጽሐፍ ማለታቸው የጸሎቱ መጽሐፍ ነው። እሱን የያዝኩት እሳቸው እግር ሥር ተቀምጬ ነው፣ ጠዋት ጠዋት፣ ወንዶቹ ተማሪዎች አንብበው ሲነሡ። እኔ እላለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ከሳትኩ «ከራሱ!» ይላሉ። ከራሱ ማለት ከምዕራፉ መጀመሪያ ማለት ነው። የት ላይ እንደሳትኩ አይነግሩኝም። ዓይኔን ሰብሬ ከመጀመሪያው እነሣለሁ፤ ስህተቱን ስደርስበት ራሴ አገኘዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ «ከራሱ» እስኪሉም አልጠብቅም ነበር። ከንፈራቸው ሲላቀቅ ካየሁ ስቻለሁ ማለት ነውና ወዲያው ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ። እንዲህ ስማር ተመትቼ አላውቅም። ደስ ይለኝም ነበር። ልጅነቴን ሳስበው ከዚያ የተሻለ ሰዓት አላስታውስም።

ጀርመንኛውንም እንደዚያው ያዝነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት ሰዎች ባቡር ጣቢያ ሲገናኙ ነው። ጤና ይስጥልኝ ይባባላሉ፤ ከየት እንደመጡ ይጠያየቃሉ፤ አንደኛው ሻይ፣ ሌላኛው ቡና በወተት ያዛል። የሁለቱንም ንግግር በአንድ ትንፋሽ እወርደው ነበር። በሦስተኛው ቀን አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ትናንት እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ነበር» አሉኝ። የስልኬን ድምፅ ከፍቼ ሰማሁት። ልክ ነበሩ። በሁለተኛው ወር አብረውኝ ማለት ጀመሩ፤ እኔ አንዱን ሰው ስሆን እሳቸው ሌላውን ይሆናሉ።

እናቴ ጥጥ እየፈተለች ታየንና ትስቃለች። «አሁን ምን እየተባባላችሁ ነው?»

«ሰው ከሰው ሲገናኝ የሚባባለውን ነዋ» አሉ አባቴ።

«አባትና ልጅ አይደላችሁም እንዴ? ዛሬ ነው የተገናኛችሁት?»

እስክሄድ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ያዝን። በሄድኩበት ጠዋት አባቴ መስቀል አሳልመው መረቁኝና፣ «ቀሪውን እዚያ ትይዣለሽ። ከሰው ጋር አትሟገቺ። እሺ ይበልጣል ከሺህ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ከተማዋ የደረስኩት በጥቅምት ነበር። እንግዶች በሙቀቱ ወራት መጥተው እንደሚዋኙና ከዚያ እንደሚሄዱ አላውቅም ነበር። ጀልባዎቹ በሸራ ተጠቅልለዋል፤ የአይስክሬም ቤቶቹ ወንበሮች ተገልብጠው ተቆልፎባቸዋል፤ የብዙዎቹ ቤቶች መስኮት ተዘግቷል። ሰው የሞተባቸው መስሎኝ ሴትዮዋን «ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው። «ምንም አልሆኑም፤ ብርዱ ገብቶ ነው» አሉኝ። ሐይቁ አመድ መልክ ነበረው። ከብት የሚወርድበት መንገድ የለውም፤ እንስራ ይዞ የሚመጣም የለም። ከዳር ወደ ውስጥ የሚገባ ረጅም የእንጨት ድልድይ አለው፤ ድልድዩ የትም አያደርስም፤ ውሃው መሐል ላይ ያልቃል። በዚያ ድልድይ ላይ ብዙ ቆሜያለሁ።

ሴትዮዋ በስማቸው ብቻ እንድጠራቸው ለመኑኝ። አልቻልኩም። እማማ አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ሳቁና «መውለዴን አላውቅም ነበር» አሉ።

ትምህርት ቤቱ ከብስክሌት መጠገኛ በላይ ያለ አንድ ፎቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን መምህርቷ፣ ወጣት ናት፣ ራሳችንን እንድናስተዋውቅ ጠየቀችን። ተራዬ ሲደርስ ከመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሆነኝን መርጬ አልኩ፤ ከአራተኛው ስለ ቤተሰብ፣ ከሰባተኛው ስለ ምግብ ጨመርኩበት። አጨበጨበችልኝ። በማግስቱ ከጀማሪዎቹ አውጥታ ወደ ላይኛው ክፍል ወሰደችኝ። ያን ቀን ለአባቴ ደውዬ ነገርኳቸው፤ «አልኩሽ አይደል?» አሉ።

አዲሱ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ከሶርያ የመጣ ፀጉር አስተካካይ ነበር። በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ጋሼ እለው ነበር። ልጆቹን ለማስመጣት ይህንኑ ፈተና ማለፍ ነበረበት። ቋንቋውን እየሰባበረ፣ በእጁ እያገዘ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያናግራል፤ አውቶቡስ ነጂውን፣ ፖስታ አዳዩን፣ መንገድ ላይ የሚያገኘውን ውሻ ሳይቀር። እኔን ሁለት ሳምንት አይቶኝ «ሬዲዮ» ብሎ ስም አወጣልኝ።

«ሬዲዮ፣ ዛሬ ዜና የለም?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ሬዲዮ መልካም ነገር ነው። ይናገራል። አንድ ጉድለት አለው፤ ብትጠይቂው አይመልስም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቃሉን በትክክል የተረዳሁት ግን ከወራት በኋላ ነው። መምህርቷ የሆነ ነገር ስትጠይቀኝና ሳይገባኝ ሲቀር አዎ እላለሁ። ቤትም እማማ የሚሉኝ ሳይገባኝ አዎ እላለሁ። አንድ ጊዜ አዎ ያልኩት «በርዶሻል?» ሲሉኝ ኖሯል፤ ሁለት ብርድ ልብስ አምጥተው ደረቡልኝ፤ እያላበኝ ተኛሁ። አልገባኝም ማለት አስተማሪን አላስረዳኸኝም ብሎ መውቀስ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ እሑድ፣ ኔትወርክ ሲገኝ፣ ከድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሜ ለአባቴ እደውላለሁ።

«ስንተኛው ላይ ነሽ?»

«ሃያ አንደኛው።»

«እኔን ግን አሥራ ሦስተኛውን አስይዢኝ። በይ።»

አሥራ ሦስተኛው ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ነው። ጉሮሮዬን ያመኛል ይላል፤ ከመቼ ጀምሮ ይባላል። ግማሽ ሳልደርስ መስመሩ ይቋረጣል። መልሼ ስደውል «ከራሱ» ይሉኛል። ከራሱ እጀምራለሁ፤ ይቋረጣል። ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች በአጠገቤ ሲያልፉ፣ ብቻዋን ውሃ መሐል ቆማ በስልክ ጉሮሮዬን ያመኛል የምትለውን ልጅ እያዩ ያልፋሉ። አንዲት ሴት አንድ ቀን ከቦርሳዋ የጉሮሮ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ። አሥራ ሦስተኛውን አባቴ እስከ ዛሬ አልያዙትም።

የመጀመሪያው ፈተና የጥር ማለቂያ ላይ ነበር። የጽሑፉን ሁሉ በጥሩ ውጤት አለፍኩ። የቀረኝ የቃል ፈተናው ነበር። ሁለት ፈታኞች ነበሩ፤ አንደኛው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ፊታቸው ደግ የሆነ ሰው ናቸው። ከቀረቡልኝ ርዕሶች አንዱ ገጠር መኖር ይሻላል ወይስ ከተማ የሚል ነበር። በልቤ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ እሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ጀመርኩ። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሽማግሌው ፈገግ ብለው «የእናንተ መንደር ከከተማ ምን ያህል ይርቃል?» አሉኝ።

የማውቀው ጥያቄ ነው። እስከ ሉማሜ በእግር አንድ ሰዓት። ሕፃንም ይመልሰዋል። ነገር ግን እኔ ያየሁት የሽማግሌውን ከንፈር ሲላቀቅ ነው። ሰውነቴ ቀድሞኝ ሄደ። ዓይኔን ሰበርኩ፤ «በዛሬው ዕለት ስለ ገጠርና ከተማ ሕይወት ላቀርብላችሁ እወዳለሁ» ብዬ ከመጀመሪያው ተነሣሁ። ጥቂት ታገሡኝና ሌላ ቀለል ያለ ጠየቁኝ፤ ከብት አላችሁ ወይ አሉ። እንደገና «በዛሬው ዕለት» አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ሁለተኛዋ ፈታኝ ሰዓቷን አየች። አንድም ቃል አልሳትኩም። እስከ መጨረሻው ግን አልደረስኩም።

መምህርቷ ውጤቱን ስትነግረኝ አጠገቤ ተቀመጠች። «ተሳስተሽ አይደለም እኮ ያቋረጡሽ» አለች። «ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁሽ።»

አዎ አልኳት።

ከዚያ በኋላ እማማ ራት ላይ ያለማምዱኝ ጀመር። አንዲት ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ ተቃወሚኝ ይሉኛል።

«ሾርባዬ እንዴት ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው፣ እማማ።»

«ውሸታም! ጨው አልጨመርኩበትም። ሆን ብዬ ነው። በይ ጨው የለውም በይኝ!»

«ትንሽ ጨው ቢኖረው... ግን እንዲህም ጥሩ ነው።»

ማንኪያቸውን አስቀምጠው ጣሪያውን ያዩ ነበር። አንዳንድ ቀን ይሥቃሉ፤ ወደ መጨረሻው ግን መሣቅ ተዉ። እኔ ክፍሌ ገብቼ በር ዘግቼ፣ አይደለም፣ አልስማማም፣ በፍጹም እያልኩ እለማመዳለሁ። ሰው ፊት ስቆም ግን ቃሉን እያወቅሁት አፌ አዎ ይላል። ይህን ሁሉ ያደረጉልኝን ሴት ሾርባዎ መጥፎ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ሆን ብለው እንዳበላሹት እያወቅሁ እንኳ አልቻልኩም።

ሁለተኛው ፈተና በግንቦት ነበር። የቃሉ ፈተና ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚነጋገሩበት ክፍል ነበረው፤ በእሱ ለእኔ የደረሰኝ ጋሼ ነው። የታመመ የክፍል ጓደኛችንን ሆስፒታል ለመጠየቅ አብረን እንድናቅድ ተሰጠን። መቼ እንደምንሄድ፣ ምን ይዘን እንደምንሄድ እየተነጋገርን፣ አንዳችን የሌላችንን ሐሳብ እየነቀፍን መስማማት አለብን።

«እሑድ እንሂድ» አለ ጋሼ።

«እሑድ ጥሩ ነው።»

«አበባ እንያዝ።»

«አበባ ጥሩ ነው።»

አየኝ። ከጠረጴዛው ሥር በጫማው ነካ አደረገኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየ፣ «ውሻዬንም ይዤ እገባለሁ። አልጋው ላይ ይውጣለትና ያጫውተው» አለ።

ጋሼ ውሻ የለውም። ምን እያደረገልኝ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገብቶኛል። በር ከፍቶ ይዞልኝ ነበር፤ ግቢ እያለኝ ነበር። እኔ ደግሞ የስምንት አልጋ ሕግ በቃሌ ይዤ ያስታመምኩ ሰው ነኝ፤ ሆስፒታል ምን እንደሚገባና እንደማይገባ ከእኔ በላይ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ፈታኞቹን አየሁ፤ ጋሼን አየሁ፤ ልጆቹ ትዝ አሉኝ። እኔ ብነቅፈው ሞኝ ነህ ብለው ነጥብ ቢቀንሱበትስ?

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አልኩ።

አንደኛው ፈታኝ ሣቀ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ጋሼ አለፈ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ «ውሻ እኮ ሆስፒታል አይገባም» አለኝ። ሬዲዮ አላለኝም።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

እማማ እስከ ባቡር ጣቢያ ሸኙኝ። ሰዎች መምጣት ጀምረው ነበር፤ ጀልባዎቹ ተገልጠዋል፤ ሕፃናት ከዚያ ድልድይ ላይ ውሃው ውስጥ ይዘላሉ። ባቡሩ ሲደርስ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ብትይኝ ኖሮ» አሉ።

እሺ እማማ አልኳቸው።

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ይዤ፣ ዓባይን ተሻግሬ ሉማሜ ወረድኩ። አባቴ መንገዱ ዳር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ሳልጨርስ «ጨረስሽ?» አሉኝ። በስልክ መንገር አቅቶኝ ነበር።

«አልጨረስኩም፣ አባባ። ወደቅሁ።»

ሻንጣዬን ተቀብለው ወደ ቤት ቀደሙኝ። እናቴ እግሬን ልታጥብ ውሃ ስታሞቅ፣ እሳቸው መደቡ ላይ ተቀመጡና «መጽሐፉን ረሳሽው?» አሉ።

«አልረሳሁትም።»

«በይ እስቲ።»

ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ አሥራ ሁለተኛው አልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሰሙኝ። ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አንድም አልሳትሽ።»

«አልሳትኩም።»

«ታዲያ በምን ወደቅሽ?»

አሞኝ ነበር ማለት እችል ነበር። እንግዳ ስለሆንኩ ነው፣ ፈታኞቹ አልወደዱኝም ማለት እችል ነበር። ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ ስለዚህ የሆነውን ነገርኳቸው። «መሐል ላይ ሲጠይቁኝ የሳትኩ መስሎኝ ወደ መጀመሪያው እመለስ ነበር» አልኩ። «ሁለተኛው ላይ ደግሞ መሟገት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።»

«ተመለሺ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም አላለኝም።»

ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁት። የተናገርኩትን መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ። እናቴ «በቃ አሁን፣ ልጄ መጥታለች፣ ሌላው ይቅር» አለች፤ ለማንኛችን እንደሆነ አልታወቀም። አባቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ውጭ ወጡ።

ዩኒቨርሲቲው መልሶ ተቀበለኝ። እዚህ የሚያቋርጠኝ የለም፤ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ነን፤ መምህሩ ያነብባል፣ እኛ እንጽፋለን፣ ፈተናው ላይ እንመልሰዋለን። ውጤቴ ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑ ምንም ደስ አይለኝም።

ያለፈው ቅዳሜ ቤት ሄጄ አደርኩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተማሪዎቹ ለንባብ ተሰብስበው ነበር። እኔ እቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀምጣለች፤ ድምጿ ጥሩ ነው። በቃሏ ስትል አዳምጣት ነበር፤ መሐል ላይ አንድ ሙሉ መስመር ዘለለች። እጄ ላይ ያለውን ሥራ ትቼ «ከራሱ» እስኪሉ ጠበቅሁ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ተላቀቀ። ልጅቷ ዝም አለች፤ ወደ መጀመሪያው ልትመለስ ትንፋሽ ወሰደች። አባቴ በእጃቸው ቀጥዪ አሏት። የዘለለችውን እንደዘለለች እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ጉልበታቸውን ስማም ተነሣች።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ እስከማገኝበት ሉማሜ ድረስ ሸኙኝ። ድሮ በዚያ መንገድ ስንሄድ የባቡር ጣቢያውን ምዕራፍ እየተቀባበልን እንል ነበር። አሁን እሳቸውም አልጀመሩት፤ እኔም አልጀመርኩት። ሻይ ቤቶቹ ጋ ስንደርስ፣

«አባባ፣ ያቺ ልጅ ጠዋት አንድ መስመር ዘልላለች እኮ» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ።

ሌላ የሚሉት አለ ብዬ ጠበቅሁ። የሚኒባሱ ረዳት ማርቆስ፣ ማርቆስ እያለ መጣ። ገብቼ በመስኮቱ ሳያቸው መንገዱ ዳር እንደቆሙ ነበሩ፤ ከንፈራቸው ግን አይንቀሳቀስም።